ለመብራትዎ የትኛው ስታንድ ይሻላል? በስቱዲዮ፣ በሠርግ አዳራሽና በደጅ

ከመሀል አዲስ አበባ የካሜራ ዕቃ መሸጫዎች ወደ አንዱ ገብቶ የመብራት ስታንድ ለሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ሁለት ቁጥር ነው፤ ስታንዱ ምን ያህል ከፍ እንደሚልና ስንት ኪሎ እንደሚሸከም። ሻጩ እግሮቹን ዘርግቶ፣ ዘንጉን እስከ መጨረሻው መዝዞ «2 ሜትር ከ80 ይደርሳል፣ 8 ኪሎ ይችላል» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሆኖም ያ 8 ኪሎ የሚሠራው ክብደቱ በቀጥታ በዘንጉ አናት ላይ ሲያርፍ፣ ወለሉ ለጥ ያለ ሲሆን፣ ነፋስም ሰውም ሳይነካው ነው። እኔ በሥራ ላይ ካየኋቸው አወዳደቆች አንዱም እንኳ ከክብደት ብዛት የመጣ አልነበረም፤ ወይ ነፋስ ገፍቶት፣ ወይ ሰው ገመዱን ጎትቶት፣ ወይ እግሩ በወጉ ሳይዘረጋ ቀርቶ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው ንጽጽር የሚነሣው ስታንዱ ከሚቆምበት ወለልና በአጠገቡ ከሚያልፈው ሰው ነው፤ ቁመቱ ከዚያ በኋላ ይታያል።

የዋጋውም ነገር ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የፎቶግራፍ ዕቃ በብር ሲሰላ በጣም ተወዷል። ከ2 ሜትር ከፍታ የወደቀ ፍላሽ ለመተካት የሚወጣው ገንዘብ ርካሽ ስታንድ በመግዛት ተቆጥቦ ከነበረው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ እጅግ ይበልጣል።

ሦስቱ እግሮችና ነፋሱ

ባለ ሦስት እግር ስታንድ ሲቆም የእግሮቹ ጫፎች በወለሉ ላይ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ስታንዱም የሚወድቀው በዚያ ሦስት ማዕዘን ጠርዝ ላይ ተገልብጦ ነው። ከዘንጉ እስከ አንዱ እግር ጫፍ ያለው ርቀት 45 ሳንቲሜትር ነው እንበል። በሁለት እግሮች መካከል ባለው አቅጣጫ ግን ከዘንጉ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት የዚያ ግማሽ፣ 22 ሳንቲሜትር ተኩል ብቻ ነው። አንዱን እግር መብራቱ ወደሚያዘነብልበት ወይም ነፋሱ ወደሚገፋበት አቅጣጫ ማዞር ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ መደገፊያውን እጥፍ ያደርጋል ማለት ነው። ይህን ቀላል ነገር የማያውቅ ረዳት ምን ያህል እንደሆነ ስመለከት አሁንም ይገርመኛል።

አሁን በዚህ ስታንድ ላይ 90 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ሶፍትቦክስ (ብርሃኑን ለማለስለስ መብራቱ ፊት የሚገጠም የጨርቅ ሣጥን) በ2 ሜትር ከ20 ከፍታ እንስቀል። በሰከንድ 5 ሜትር የሚሄድ፣ ማለትም ቅጠልን ሳያቋርጥ የሚያወዛውዝ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመታው፣ የአዲስ አበባ አየር ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ምክንያት ሳሳ ያለ መሆኑ ተቆጥሮም እንኳ፣ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ያርፍበታል። አንድ ኪሎ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከላይ ሆኖ የሚገፋ በመሆኑ፣ በደካማው አቅጣጫ ሳይገለበጥ ለመቆም ስታንዱ፣ መብራቱና የአሸዋ ከረጢቱ በድምሩ 9 ኪሎ ያህል መመዘን አለባቸው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ትንንሽ ዛፎችን በሚያወዛውዝ በሰከንድ 10 ሜትር ነፋስ የሚያስፈልገው ክብደት ወደ 36 ኪሎ ይደርሳል። ይህን የሚያህል አሸዋ ተሸክሞ የሚዞር ፎቶ አንሺ አላየሁም። ስለዚህ በነፋስ ጊዜ ሶፍትቦክሱን ማውረድ ወይም ለሰው ማስያዝ የመጨረሻ አማራጭ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባውም፤ ከመጀመሪያው ሊታሰብበት የሚገባ የሥራው አካል ነው።

እግሮቹን አጥብቦ መዘርጋት ቦታ ለመቆጠብ የሚደረግ የተለመደ ስሕተት ነው። በአብዛኞቹ ስታንዶች ላይ ከዘንጉ ወደ እግሮቹ የሚሄዱት ደጋፊ ብረቶች ከወለሉ ጋር ትይዩ እስኪሆኑ ድረስ ቢዘረጉ መልካም ነው። ከዚያ በላይ ሲዘረጉ ዘንጉ ራሱ ወለሉን ሊነካ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስታንዱ በእግሮቹ መቆሙ ቀርቶ በአንድ ነጥብ ላይ ይንገዳገዳል።

ቀጭኑ፣ መካከለኛውና ሲ-ስታንዱ

እግሮቹ ወደ ላይ ተገልብጠው በዘንጉ ዙሪያ የሚታጠፉት ቀጫጭን ስታንዶች ሲታጠፉ ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሆኑ በጀርባ ቦርሳ ይገባሉ፤ በሚኒባስ ታክሲ ለሚመላለስ ሰውም ከዚህ የሚመች የለም። ይህ ምቾት ግን ዋጋ አለው። በዚያ አጭር ርዝመት ውስጥ 2 ሜትር ለመድረስ ዘንጉ በአራትና በአምስት ክፍል የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ትንሽ ትንሽ ይወላገዳል፣ የላይኛው ክፍልም ከጣት የማይወፍር ይሆናል። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን የካሜራ ፍላሽና ብርሃኑን የሚበትን ትንሽ ጃንጥላ ለመሸከም፣ ያውም ቤት ውስጥ፣ ይበቃሉ። ባትሪው የተገጠመለት 3 ኪሎ የሚመዝን ትልቅ ፍላሽ ከነሶፍትቦክሱ ለመስቀል ግን አልተሠሩም፤ ሣጥናቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንም ቢል ይህን አልመክርም።

መካከለኛው፣ ከ2 ሜትር ከ60 እስከ 2 ሜትር ከ80 የሚደርሰው ባለ ሦስት ክፍል የአልሙኒየም ስታንድ፣ አንድ ብቻ ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ምርጫው ሊሆን ይገባል። በዚህ ዓይነት ውስጥ ሻጮች የሚለዩት ባለ ሞላውንና ባለ አየሩን ነው። ባለ ሞላው ዘንጉ ድንገት ሲወርድ መጨረሻው ላይ ብቻ ምቱን ያቀዘቅዛል፤ ባለ አየሩ ግን በቱቦው ውስጥ የታፈነው አየር ቀስ እያለ ስለሚወጣ ዘንጉ ከላይ እስከ ታች ረጋ ብሎ ይወርዳል። ማጥበቂያውን ሳያስብ የሚፈታ ረዳት ላለው ሰው ባለ አየሩ የዋጋውን ልዩነት በአንድ ቀን ይከፍላል። በሌላ በኩል አየሩ ዘንጉን በፍጥነት ዝቅ ማድረግ ስለማያስችል፣ በሠርግ ሩጫ መካከል ትዕግሥት ያስጨርሳል። ሁለቱም ቢሆኑ መውደቅን አያስቀሩም፤ የሚጠብቁት ከላይ ወደ ታች ከመንሸራተት ብቻ ነው። ዘንጉ ሲመዘዝም ከወፍራሙ ክፍል መጀመርና ቀጭኑን መጨረሻ ላይ፣ ያውም የግድ ካስፈለገ ብቻ፣ ማውጣት ይገባል።

ሲ-ስታንድ የሚባለው የብረት ስታንድ ሌላ ዓለም ነው። መብራት ለማንጠልጠል ከዘንጉ ወደ ጎን የሚዘረጋውን ክንድና ክንዱን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘውን ጭንቅላት ሳይጨምር ብቻውን 6 ወይም 7 ኪሎ ይመዝናል፤ 3 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ሦስቱ እግሮቹም በከፍታ ስለሚለያዩ አንዱ ስታንድ ከሌላው ጋር እግር በእግር ተቆላልፎ ሊቆም ይችላል። በአራት ሜትር በአራት ሜትር ክፍል ውስጥ ሦስት መብራት ለሚያቆም ሰው፣ በመሀል ከተማ የተከራየነው አብዛኛው ስቱዲዮም ከዚህ አይሰፋም፣ ይህ የእግር አሠራር ከክብደቱ በላይ ጠቃሚ ነው። የአሸዋ ከረጢቱ የሚቀመጠው ከፍ ባለው እግር ላይ ነው፤ ያ እግርም ክንዱ ወደተዘረጋበት አቅጣጫ ይዞራል። ክንዱን ከሚይዘው ጭንቅላት ኋላ ቆሞ ወደ ክንዱ ጫፍ የሚመለከት ሰው ማጥበቂያው በቀኝ እጁ በኩል መሆኑን ያረጋግጥ፤ እንዲህ ሲሆን ክብደቱ ክንዱን ወደ ታች ሲስበው ማጥበቂያውን ይበልጥ ያጠብቀዋል። በግራ በኩል ከሆነ ያው ክብደት ቀስ በቀስ ይፈታዋል፤ ፎቶ የሚነሣው ሰው አናት ላይ ያለ መብራት በዚህ ምክንያት ሲወርድ ማየት የማይረሳ ነገር ነው።

የሲ-ስታንድ ጉድለቱ መጓጓዣው ነው። ታጥፎም ከ1 ሜትር ከ30 ስለማያንስ የቪትዝ ኋላ ወንበር ሳይታጠፍ አይገባም። የብረት እግሩም የሳንቃ ወለል ይቧጭራል። በፒያሳ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ከእግሩ ሥር ማድረግ ከባለቤቱ ጋር ከሚነሣ ክርክር ያድናል። እንዲህ ያለ ወለል ሰው ሲራመድበት ከሥሩ ስለሚወዛወዝ፣ የላይኛው መብራትም አብሮ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ስታንዱን ከክፍሉ መሀል ይልቅ ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጎ ማቆም ይሻላል።

ከራስ በላይ መብራት ለማንጠልጠል ረጅም ክንድ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ሚዛንን ማስላት አለበት። 2 ኪሎ መብራት ከዘንጉ 1 ሜትር ከ20 ርቆ ከተንጠለጠለ፣ በተቃራኒው በኩል በ60 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ 4 ኪሎ መስቀል ያስፈልጋል። ሚዛን የጠበቀ ክንድ ማጥበቂያው ቢላላ እንኳ አይወድቅም፤ ሚዛን ያልጠበቀ ክንድ ግን በማጥበቂያው ጥርስ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይውላል።

በወለልና በጣሪያ መካከል ተወጥሮ የሚቆመው ምሰሶ እግር ስለሌለው ለጠባብ ክፍል እጅግ ማራኪ ነው፤ ማንም አይደናቀፍበትም። ነገር ግን ከላይ የሚደገፈው በሶሌታ ወይም በጠንካራ እንጨት ላይ መሆን አለበት። ኮርኒስ፣ በተለይ በአሮጌ ቤት ያለው የጨርቅ ወይም የቺፑድ ኮርኒስ፣ ግፊቱን አይችልም፤ ዛሬ ቢይዝ ነገ ይለቀዋል። ለዘለቄታው አንድ ቦታ ለሚቆም ስታንድ ብየዳ ቤት ማሠራትም ይቻላል። ከባድ የብረት ሰሌዳ ከታች፣ አንድ ወጥ ቱቦ ከላይ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ቶርኖ ቤት በትክክል 16 ሚሊሜትር ሆኖ የተቃና ዘንግ፤ አብዛኞቹ ፍላሾችና የመብራት መያዣዎች የሚገቡት በዚህ ልክ ነውና። ከፍና ዝቅ የሚል ቱቦ ግን ብየዳ ቤት ባይሠራ ይመረጣል። በአንዲት ብሎን ብቻ የተያዘ ቱቦ ውሎ አድሮ ይንሸራተታል፤ ሥራውም ከተገዛው አይረክስም።

በሠርግና በድግስ መካከል

በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ወራት ሥራ የሚበዛበት ፎቶ አንሺ ስታንድ የሚያቆመው ሰው በሚጨፍርበት አዳራሽ ውስጥ ነው። እዚህ ቦታ የመብራቱ ጠላት የሰው እግር ነው። የሙሽራዋ ቬሎ ጅራት፣ የአጃቢው ሩጫ፣ በጠረጴዛ መካከል የሚሽሎከሎክ ሕፃን፣ እስክስታ የያዘ ሚዜ፤ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ወደ ስታንድ እግር አይመለከትም፣ ሊመለከትም አይገባውም። ወለሉ ላይ ቄጤማ ከተጎዘጎዘ ደግሞ እግሩን ይሸፍነዋል፤ ከሥሩም ያንሸራትታል። ስለዚህ ቄጤማውን ከእግሮቹ ሥር ገለል አድርጎ ስታንዱን በባዶው ወለል ላይ ማቆምና በእግሮቹ ጫፍ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ቴፕ መጠቅለል ያስፈልጋል። ቡና የሚፈላበትን ጥግ መራቅም እንዲሁ ነው፤ በከሰል ምድጃ ላይ የሚወድቅ ሶፍትቦክስ የጨርቅ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ለአዳራሽ የምመርጠው መካከለኛውን ባለ አየር ስታንድ ነው፤ ከምሰሶ ወይም ከድምፅ ማጉያ ኋላ ተጠግቶ፣ እግሩ ላይ ከረጢት ተጭኖበት፣ ጃንጥላ ወይም ሶፍትቦክስ ሳይደረግበት መብራቱ ወደ ነጭ ጣሪያ የተመለሰ። ሲ-ስታንድ በአዳራሽ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ከተመታም እርሱ ሳይወድቅ የመታውን ሰው ይጥላል። ቀጭኑ ስታንድ ደግሞ ለዚህ ቦታ ፈጽሞ አይሆንም። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከበሮና ጽናጽል ይዘው በሚመላለሱ አገልጋዮች መካከል፣ የትኛውንም ስታንድ ባያቆሙ ይሻላል።

በገመድ የሚሠራ መብራት ከሆነ ገመዱ ከመብራቱ ተነሥቶ በዘንጉ ላይ እየተጠለፈ ወደ ታች መውረድ፣ ከዚያም በአንዱ እግር ሥር አንድ ዙር ተጠምጥሞ ወደ ማከፋፈያው መሄድ አለበት። እንዲህ ሲሆን ገመዱን የጎተተ ሰው የሚጎትተው የስታንዱን እግር ነው፤ በቀጥታ ከመብራቱ ወደ ሶኬት የተዘረጋ ገመድ ግን አናቱን ይስበዋል። መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተር እስኪነሣ ባለው ጨለማ ውስጥ ሰው በየአቅጣጫው ሲንቀሳቀስ የዚህ ዙር ጥቅም ይታወቃል።

በደጅ

አንድ የጥር ቅዳሜ፣ በመሀል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል ሰገነት ላይ፣ የአሸዋ ከረጢቶቹን መኪና ውስጥ ትቼ «ለአምስት ደቂቃ ነው» ብዬ ጃንጥላ የተገጠመበት ስታንድ አቆምኩ። ጧት የነበረው ጸጥታ እስከ ቀትር የሚዘልቅ መስሎኝ ነበር። ነፋሱ ጃንጥላውን ከሥር ገብቶ አነሣው፤ ስታንዱ አንድ እግሩን አንሥቶ ዞረና የሙሽራዋ አክስት ከጥቂት ጊዜ በፊት በተነሡበት ወንበር ላይ ወደቀ። ፍላሹ ተሰበረ። ሴትዮዋ ግን ይህን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ «እንኳን እግዜር አተረፈን፣ ልጄ» ብለው ወደ ፎቶው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከረጢት ሳይጫን ደጅ ላይ ስታንድ አልተክልም።

በረጃጅም ሕንፃዎች ሥር ነፋሱ ከተጠበቀው በላይ ይበረታል። 209 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትና በዙሪያው ባሉት የባንክ ሕንፃዎች አካባቢ፣ ከላይ የሚመጣው ነፋስ ግንቡን መትቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ በሁለት ሕንፃዎች መካከልም እየጠበበ ይፈጥናል። መስቀል አደባባይ ደግሞ ገላጣ በመሆኑ ነፋሱን የሚገታ ነገር የለም። በእነዚህ ቦታዎች የምመርጠው መብራት ያዥ ሰው ነው። ቀለል ያለ ፍላሽ በአጭር ሶፍትቦክስ፣ በአንድ እግር ዘንግ ላይ ተሰክቶ፣ በረዳት እጅ። ረዳቱ ነፋሱን ሲሰማ ዘንጉን ያዘነብላል፣ መንገደኛ ሲመጣ ገለል ይላል፤ የቆመ ስታንድ በጥበቃዎች ዘንድ የሚያስነሣውን ጥያቄም ብዙውን ጊዜ ያስቀራል። የረዳቱ የቀን ክፍያ ከተሰበረ ፍላሽ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።

ስታንድ ማቆም የግድ ከሆነ በኮብልስቶን ላይና በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ላይ አንዱ እግሩ ለብቻው የሚረዝም ስታንድ ይረዳል። እርሱ ከሌለ ዘንጉ ቀጥ እስኪል ድረስ በዝቅተኛው እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረጋል። ከሁሉ በላይ ግን ወደ ላይ ይታይ። በብዙ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች የኤሌክትሪክ ሽቦ በግቢ አጥርና በበረንዳ አጠገብ ያልፋል፤ 15 ኪሎ ቮልት የሚሸከመው መስመር ደግሞ ሳይነካ፣ በመጠጋት ብቻ ይገድላል። ከሽቦ ሥር የብረት ዘንግ አይመዘዝም፤ የተመዘዘ ስታንድም ቁሞ ከቦታ ወደ ቦታ አይጓዝም። ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ዘንጎች ይወርዳሉ።

የአሸዋ ከረጢት የግድ ተሠርቶ የተሸጠ መሆን የለበትም። ወፍራም ሸራ ከመርካቶ ገዝቶ፣ እንደ አህያ ጭነት በግራና በቀኝ የሚንጠለጠል ባለ ሁለት ኪስ አድርጎ ማሰፋት ይቻላል። 5 ሊትር የሚሆን ደረቅ አሸዋ 8 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ አሸዋው መጀመሪያ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ከገባ በእንግዳ መቀበያ ምንጣፍ ላይ አይበተንም። እርጥብ አሸዋ ግን ይሸታል፤ የስታንዱንም ብረት ያዝጋል። መኪና ለሌለው ሰው የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ባዶውን ተሸክሞ በቦታው ውሃ መሙላት የተሻለ ነው፤ 5 ሊትር ውሃ 5 ኪሎ ነው። ከረጢቱም ሆነ ጀሪካኑ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይንጠልጠል፤ ወለሉን ከነካ ክብደቱን የሚሸከመው ወለሉ እንጂ ስታንዱ አይደለም።

ሱቅ ውስጥ ሳሉ

ስታንዱን እስከ መጨረሻው መዝዘው አናቱን በሁለት ጣት ገፋ ያድርጉት፤ ሁሉም ይወዛወዛል፣ ነገር ግን ጥሩው ሁለት ሦስት ጊዜ ተወዛውዞ ይቆማል። እያንዳንዱን ማጥበቂያ ያጥብቁና ዘንጉን በእጅዎ ወደ ታች ይጫኑት፤ ከተንሸራተተ ይመልሱት። የማጥበቂያው ብሎን የሚገባበት መያዣ ፕላስቲክ ከሆነ ይሰነጠቃል፤ ከብረት የተሠራ ቢሆን ይመረጣል። ደጋፊ ብረቶቹ የተያያዙበት በምስማር የተቀጠቀጠ ነው ወይስ በብሎንና በዳዶ? በብሎን ከሆነ ሲላላ ራስዎ በመፍቻ ያጠብቁታል፤ በምስማር ከሆነ በላላ ቀን ወደ ብየዳ ቤት ይሄዳሉ። የአናቱን ዘንግ 16 ሚሊሜትር መሆኑን ለማረጋገጥ የመብራትዎን መያዣ ይዘው ይሂዱ፤ ገብቶ የሚጫወት ከሆነ ሌላ ይጠይቁ።